የትኛው ቦይለር፣ የትኛው ሞተር? ትንሽ የእንፋሎት ጀልባ ለመሥራት ላሰበ ሰው የንጽጽር መመሪያ

ትንሽ የእንፋሎት ጀልባ ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሞተሩ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ፣ የፒስተኑን ምልልስ ወደ ዙር የሚለውጠው ክራንክ ሲዞር፣ ቫልቩ ጊዜውን ጠብቆ ሲከፍትና ሲዘጋ ማየት ልብ ይሰርቃል። ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሠራው ቦይለር ግን ተሸፍኖ የሚቆም ነገር ነው፤ ከውጭ የሚታይ እንቅስቃሴ የለውም። ይሁንና ጀልባው ምን ያህል እንደሚከብድ፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ማገዶ እንደሚበላ፣ ከሁሉም በላይ ተሳፋሪዎቹ በሰላም መመለሳቸውን የሚወስነው ቦይለሩ ነው። ሞተሩን አስቀድሞ ገዝቶ ቦይለሩን «ለእሱ የሚሆን» ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ እንፋሎት የሚያጥረው ጀልባ ባለቤት ይሆናል። ስለዚህ ምርጫዎቹን የማነጻጽረው ከውሃውና ከጀልባው አካል ተነሥቼ፣ ወደሚያስፈልገው ጉልበት፣ ከዚያ ወደ ቦይለሩ አልፌ ነው። ሞተሩ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

የማወራው ርዝመቱ ከ5 እስከ 7 ሜትር ስለሚሆን፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰው ስለሚይዝ፣ ለሐይቅና ለዝግተኛ ወንዝ ስለተሠራ ጀልባ ነው። ይህ ሙያ ዛሬም ሕያው ከሆነባቸው ቦታዎች አንዱ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የሚገኘው የዊንደርሚር ሐይቅ ነው። በሐይቁ ዳር ያለው፣ በ2019 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአዲስ ሕንጻ የተከፈተው የጀልባ ሙዚየም «ዶሊ» የምትባል ጀልባ አለችው። የተሠራችው በ1850 ገደማ ነው። በ1895 በብርቱ ቅዝቃዜ ወቅት በአልስዋተር ሐይቅ ሰጥማ እስከ 1962 ድረስ ከውሃ በታች ቆይታለች። ዛሬም የያዘችው ያንኑ የጥንቱን ሞተሯን ነው። በቀላል አሠራር የተሠራ የእንፋሎት ሞተር ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ አለው፤ ስለዚህ ዛሬ የሚመርጡት ዕቃ ነገ ሌላ ሰው ፈቶ ሊጠግነው የሚችል ይሁን።

ውሃውና የጀልባው አካል

መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ጀልባው የሚሄደው በጨው አልባ ውሃ ነው ወይስ በባሕር ላይ የሚለው ነው። በሐይቅ ላይ፣ ውሃው ንጹሕና ኖራው አነስተኛ ከሆነ፣ ቦይለሩን ከሥር ከሚገኘው ውሃ በቀጥታ መመገብ ይቻላል። ባሕር ላይ ይህ ፈጽሞ አይሞከርም። ጨው በቦይለሩ ውስጥ እየተጠራቀመ ብረቱን ይበላል፤ ውሃውም አረፋ እየሆነ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሲሊንደሩ ይሻገራል። ውሃ አይታመቅምና ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ ክዳኑን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ለባሕር ከሆነ እንፋሎቱን መልሶ ውሃ የሚያደርግ ኮንደንሰር የምርጫ ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው ጥልቀት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ ከካርቱም ተነሥተው ጋምቤላ ይደርሱ የነበሩት የእንፋሎት መርከቦች የሚመላለሱት ክረምት ሆኖ ወንዙ ሲሞላ ነበር። በበጋ ውሃው ስለሚጎድል መንገዱ ይዘጋል። በናይል ተፋሰስ በጎን ወይም በኋላ በሚዞር መቅዘፊያ ጎማ የሚነዱ መርከቦች የተለመዱት ለዚሁ ሲባል ነው፤ ፕሮፔለር የሚሠራበት ጥልቀት ይፈልጋል። የእንፋሎት ሞተር በዝግታ ስለሚዞር (በደቂቃ ከ300 እስከ 400 ጊዜ ያህል) የሚስማማው ፕሮፔለር ሰፊ ነው፤ ለ6 ሜትር ጀልባ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር። ይህን ከነመከላከያው ሲያስቡት ጀልባው ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ይገባል። መቅዘፊያ ጎማ ከዚያ በጣም ባነሰ ውሃ ይሄዳል፤ ነገር ግን ከባድና ሰፊ ነው፣ ማዕበል ሲመጣም አንዱ ጎማ ከውሃው ይወጣና ሌላው ይሰጥማል። ወንዝዎ በእርግጥ ጥልቀት የሌለው ካልሆነ በቀር ፕሮፔለር ይምረጡ።

የጀልባው ቅርጽ ረጅም፣ ጠባብና ጫፎቹ የቀጠኑ ይሁን። የፍጥነት ጀልባ አካል ለእንፋሎት አይሆንም፤ ኋላው ደፍጣጣ ስለሆነ በዝግታ ሲሄድ ውሃ እየጎተተ ጉልበት ያባክናል። በውሃው ገጽ ላይ ተነሥቶ የማይንሸራተት፣ ውሃውን እየሰነጠቀ የሚሄድ ጀልባ ደግሞ ርዝመቱ የሚወስነው የፍጥነት ጣሪያ አለው። ውሃው የሚነካውን ርዝመት በሜትር ወስደው ስኩዌር ሩቱን በ4.5 ቢያባዙት ጣሪያውን በኪሎ ሜትር በሰዓት ያገኛሉ። ለ5 ሜትር 10፣ ለ6 ሜትር 11፣ ለ7 ሜትር 12 ገደማ ይሆናል። ከዚያ በላይ የሚጨመር ጉልበት ሁሉ ማዕበል ከመሥራት በቀር ሌላ ፋይዳ የለውም።

አካሉ ከምን ይሠራ? ከእንጨት ከሆነ ውበቱ ወደር የለውም፤ እንጨት ሠሪ የሆነ ሰውም ሌላ ነገር እንዲመርጥ አልጎተጉተውም። ነገር ግን የቦይለሩ ሙቀት በአቅራቢያው ያለውን ሳንቃ እያደረቀ ሥንጥቅ ያበጅበታል፤ ጀልባው ክረምቱን ከውሃ ውጭ ከቆየም ሳንቃው እንደገና እስኪያብጥ ድረስ ያፈሳል። ቀጭን የእንጨት ዘንጎችን በኤፖክሲ እያጣበቁ መሥራት ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልለዋል። ፋይበር ግላስ አያፈስም፣ ጥገናውም ቀላል ነው፤ ጠላቱ ሙቀት ነው፣ ሙጫው ይለሰልሳልና። በእሳት ማንደጃው ሥር የአመድ ሳህን፣ ከሳህኑ ሥር ደግሞ የአየር ክፍተትና ሙቀት የማያሳልፍ ንጣፍ ማድረግ ለሁለቱም ግዴታ ነው። የብረት ላሜራ ለ7 ሜትርና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው፤ ብየዳ የሚችል ሰው በርካሽ ይሠራዋል። ከዚያ ላነሰ ጀልባ ግን ሦስት ሚሊ ሜትር ላሜራ እንኳን ክብደቱ ይበዛል። ቦይለር፣ ሞተር፣ ውሃና ማገዶ ተደምረው ብዙ መቶ ኪሎ እንደሚሆኑ አይዘንጉ።

ከሁሉም አንዱን ምረጥ ብባል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው 6 ሜትር ርዝመት፣ ከ1.7 ሜትር የማያንስ ስፋት ያለው የተዘጋጀ የፋይበር ግላስ አካል ገዝቶ ጊዜውንና ገንዘቡን ለማሽኑ ቢያውል ይሻለዋል እላለሁ።

ስንት የፈረስ ጉልበት?

ከሚገመተው ያነሰ። እንዲህ ያለ 6 ሜትር ጀልባ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ2 እስከ 3 የፈረስ ጉልበት ይበቃዋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች ለመጨመር ግን ከእጥፍ በላይ ያስፈልጋል፤ ቦይለሩም፣ ማገዶውም፣ ክብደቱም አብሮ ያድጋል። በዊንደርሚር ከ2005 ጀምሮ ማንኛውም ጀልባ በሰዓት ከ10 የባሕር ማይል በላይ እንዳይሄድ ተከልክሏል። የእንፋሎት ጀልባ ሰዎች ክልከላው አልነካቸውም፤ ቀድሞም ፍጥነት ፈልገው አልመጡም። ከዚህ በታች ያሉትን ስሌቶች ሁሉ የሠራሁት በ3 የፈረስ ጉልበት ነው።

ቦይለር

በትናንሽ ጀልባዎች ላይ የሚገኙት ቦይለሮች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። በአንደኛው ወገን የእሳቱ ትኩስ ጭስ በቱቦዎች ውስጥ ያልፋል፤ ውሃው ቱቦዎቹን ከውጭ ይከባቸዋል። በሌላው ወገን ውሃው በቱቦዎቹ ውስጥ ሲሆን እሳቱ ከውጭ ይልሳቸዋል። የእሳት ቱቦና የውሃ ቱቦ ልላቸው እችላለሁ።

የእሳት ቱቦ ቦይለር በትንሽ ጀልባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ የሚተከለው ዓይነት ነው፤ እሳቱ ከታች፣ ቱቦዎቹ ቀጥ ብለው ወደ ጭስ ማውጫው። ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ለእኛ መጠን 60 ሊትር ያህል። ይህ ውሃ እንደ ሸክላ ምጣድ ነው፤ ለመጋል ይዘገያል፣ አንዴ ከጋለ በኋላ ግን ቶሎ አይበርድም። እንፋሎት እስኪነሣ ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። በምትኩ ነጂው ለጥቂት ደቂቃ ከእንግዳው ጋር ቢያወራ፣ ማገዶ መጨመር ቢዘገይ፣ ወደ ወደብ ሲገባ ድንገት ብዙ እንፋሎት ቢያስፈልገው ቦይለሩ ይታገሠዋል። ቱቦዎቹን ከላይ ወደ ታች በብሩሽ መጥረግም ቀላል ነው። እንከኑ ክብደቱና ቁመቱ ነው። ክብደቱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ጠባብ ጀልባን ያንገዳግዳል። ቁመቱን ለመቀነስ አግድም የሚተኛ የእሳት ቱቦ ቦይለር የሚመርጡ አሉ፤ ክብደቱ ዝቅ ይላል፣ የጀልባውን መሃል ግን ሙሉ በሙሉ ይወስዳል፣ አሠራሩም ይወሳሰባል። ለ7 ሜትርና ከዚያ በላይ ካልሆነ አይመከርም።

የውሃ ቱቦ ቦይለር ሌላ ጠባይ ነው። ከዓይነቶቹ ሁሉ የታወቀው እንግሊዛዊው መርከብ ሠሪ አልፍሬድ ያሮው የቀየሰው ነው፤ ከላይ አንድ፣ ከታች ሁለት ከበሮዎች በቀጫጭን ቱቦዎች ይገናኛሉ፣ እሳቱ በመካከላቸው ይነዳል። ይህ ቅርጽ በባሕር ኃይል መርከቦች ላይ ለረጅም ዘመን አገልግሏል፤ በትንሹ ሲሠራም ለጀልባ ይስማማል። ውሃው ጥቂት፣ ክብደቱ ቀላል፣ ቁመቱ አጭር ነው። በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ውስጥ እንፋሎት ይሰጣል። ነገር ግን የያዘው ውሃ ጥቂት ስለሆነ ዓይንዎን ከውሃ መጠን ማሳያው መስታወት ማንሣት አይችሉም። ፓምፑ ለጥቂት ደቂቃ ቢሰንፍ ቱቦዎቹ ይራቆታሉ፣ የተራቆተ ቱቦ ደግሞ ይቃጠላል። የሚመገበው ውሃም ንጹሕ መሆን አለበት፤ በቀጭን ቱቦ ውስጥ የተጋገረ ኖራን መፋቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

አሁን ወደ ደኅንነት። በ7 ባር ግፊት (አንድ ባር ከባሕር ጠለል የአየር ግፊት ጋር ይቀራረባል) ቦይለር ውስጥ ያለ ውሃ ሙቀቱ 170 ዲግሪ ገደማ ነው። ቦይለሩ ቢቀደድ ግፊቱ በቅጽበት ስለሚወርድ ከውሃው 13 በመቶ ያህሉ እዚያው እንፋሎት ይሆናል። ከ60 ኪሎ ግራም ውሃ 8 ኪሎ ያህሉ ማለት ነው፤ እሱም 13 ሜትር ኩብ ቦታ የሚይዝ እንፋሎት ይወጣዋል። በትንሽ ጀልባ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም። በውሃ ቱቦ ቦይለር አንድ ቱቦ ቢፈነዳ የሚወጣው ውሃ ጥቂት ነው፣ በአንድ ቀጭን ቀዳዳም ያልፋል፤ ያስደነግጣል፣ እሳቱንም ያጠፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰው አይገድልም። በዚህ ረገድ የውሃ ቱቦው ይበልጣል። የእሳት ቱቦው ደግሞ እዚያ ደረጃ የመድረስ ዕድሉ አነስተኛ ነው፣ የነጂውን ስሕተት ይታገሣልና። እኔ ለጀማሪ ይህን ታጋሽነት አስቀድማለሁ፤ ስፋቱ ከ1.7 ሜትር ባላነሰ ጀልባ ላይ፣ ቆሞ የሚተከል የእሳት ቱቦ ቦይለር። ጀልባው ጠባብ ከሆነ ወይም በተጎታች ላይ ተጭኖ ከሐይቅ ሐይቅ የሚዞር ከሆነ ወደ ውሃ ቱቦው ያዘነብላሉ፤ ያን ጊዜ ግን በጀልባው ላይ መስታወቱን ብቻ የሚመለከት አንድ ሰው ይመድቡ።

መዳብ ወይስ ብረት? መዳብ አይዝግም፣ ሙቀት ቶሎ ያሳልፋል፣ በብር ቅይጥ ይበየዳል፤ ዋጋው ግን ለዚህ መጠን የማይቀመስ ነው። ብረት ርካሽና ጠንካራ ሆኖ ዝገት ይፈራል። የሚበላው ሲነድ ሳይሆን ክረምቱን ግማሽ ውሃ ይዞ ሲቆም ነው። በየዓመቱ ሙሉ በሙሉ አድርቆ ወይም ጢም አድርጎ ሞልቶ የሚያስቀምጥ ሰው ብረት ቢመርጥ አይቆጭም። አንድ ነገር ግን ያለ ማመንታት ልናገር፦ የብረት ቦይለር ብየዳ የሠለጠነና ለግፊት ዕቃ የምስክር ወረቀት ያለው በያጅ ሥራ ነው። ሞተሩን እቤትዎ በቶርኖ ይሥሩት፣ አካሉን በእጅዎ ያጣብቁት፤ ቦይለሩን ግን ለባለሙያ ይስጡ።

መጠኑስ? ከእሳቱ ጋር የሚገናኘው እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ገጽ ሳይጨነቅ በሰዓት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም እንፋሎት ይሰጣል ብለው ያስቡ። ይህን ቁጥር ከሞተሩ ጋር እናገናኘዋለን።

ሞተር

ሦስት አማራጮች አሉ። ባለ አንድ ሲሊንደሩ ከሁሉም ይቀላል፣ ይረክሳል። በእንግሊዝ በሄንሊ ኦን ቴምዝ ከተማ የሚገኘው ስቱዋርት ተርነር የተባለው ድርጅት ያወጣው «5ኤ» የሚባለው ሞተር ለብዙ ትናንሽ ጀልባዎች ሆኗል፤ ሲሊንደሩ 57 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ፒስተኑ የሚመላለሰው 51 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲህ ያሉትን ሞተሮች ቀልጦ በወጣ ጥሬ ብረት መልክ ገዝቶ በራስ ቶርኖ ማረም የቆየ ልማድ ነው። የአንድ ሲሊንደር ችግር ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲቆም ነው፤ እንፋሎት ቢሰጡትም አይነሣም፣ ከክራንኩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ጎማ በእጅ ገፋ ማድረግ ይጠይቃል። በሐይቅ መሃል ይህ ምንም አይደለም። ወደ ድልድይ እየተጠጉ ሞተሩን ወደ ኋላ ማዞር ሲያስፈልግ ግን ነገሩ ይከብዳል።

እኩል የሆኑ ሁለት ሲሊንደሮች ያሉት፣ ክራንኮቹ በ90 ዲግሪ የተለያዩ ሞተር ይህን ችግር ጨርሶ ያስወግዳል። ከየትም ቦታ ይነሣል፣ ወደ ኋላም ወዲያው ይዞራል። የሚበላው እንፋሎት ግን ለአንድ የፈረስ ጉልበት ሲሰላ ከባለ አንዱ አያንስም፤ በዚህ መጠን በሰዓት 22 ኪሎ ግራም ያህል ነው።

ሦስተኛው ኮምፓውንድ የሚባለው ነው። እንፋሎቱ በትንሹ ሲሊንደር ከሠራ በኋላ ወደ ትልቁ ተላልፎ እንደገና ይሠራል። የትልቁ ይዘት የትንሹን ሦስት ወይም አራት እጥፍ ይሆናል። ከ7 ባር የማያንስ ግፊትና ኮንደንሰር ካገኘ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 13 ኪሎ ግራም ያህል እንፋሎት ይበቃዋል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሥራውም ይበዛል። ትንሹ ሲሊንደር ጫፍ ላይ ከቆመ ለማስነሣት በቀጥታ ወደ ትልቁ እንፋሎት የሚሰጥ ተጨማሪ ቫልቭ ያስፈልገዋል፤ ያ ቫልቭ የሌለውን ኮምፓውንድ አይግዙ።

ብዙዎች ኮምፓውንድን የሚያወድሱት ማገዶ ይቆጥባል ብለው ነው። ይቆጥባል፤ ግን ስሌቱን እንየው። በ3 የፈረስ ጉልበት ባለ ሁለት እኩል ሲሊንደሩ በሰዓት 66 ኪሎ ግራም እንፋሎት ይፈልጋል፣ ኮምፓውንዱ 39። ቦይለሩ ከማገዶው ሙቀት 60 በመቶውን ቢጠቀም፣ በድንጋይ ከሰል ሲተመን የመጀመሪያው በሰዓት 10 ኪሎ፣ ሁለተኛው 6 ኪሎ ያህል ያቃጥላል። ለሁለት ሰዓት ሽርሽር ልዩነቱ 8 ኪሎ ከሰል ነው። ይህን ለማዳን ብሎ ውድ ሞተር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን መልሶ አያገኘውም። የኮምፓውንድ እውነተኛ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው፤ ቦይለሩን ያሳንሳል። ለ66 ኪሎ እንፋሎት 2.5 ካሬ ሜትር የሚጋል ገጽ ሲያስፈልግ፣ ለ39 ኪሎ 1.5 ካሬ ሜትር ይበቃል። ቦይለሩ ሲያንስ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ቁመቱ ያጥራል፣ ጀልባው ይረጋጋል፣ ለአንድ ተጨማሪ ሰው ቦታ ይገኛል። ከተባሉት ቁጥሮች በላይ ሲሶ ያህል ትርፍ ለቦይለሩ መስጠትን ደግሞ አይርሱ፤ እርጥብ እንጨት ወይም ጭስ የቋጠረ ቱቦ የሚመጣበት ቀን አይጠፋም።

ስለዚህ ለአጭር ሽርሽር፣ ወደብ በበዛበት ሐይቅ፣ ሰፋ ባለ ጀልባ ላይ ባለ ሁለት እኩል ሲሊንደር ይምረጡ። ጀልባው ጠባብ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ የሚጓዝ ወይም ባሕር የሚነካ ከሆነ ኮምፓውንድ። ባለ አንድ ሲሊንደሩ ገንዘብ ላጠረው ወይም ከ5 ሜትር ላልበለጠ ጀልባ ጥሩ ነው።

የሠራው እንፋሎት የት ይሂድ?

ወደ ጭስ ማውጫው መልቀቅ ቀላሉ መንገድ ነው። የሚወረወረው እንፋሎት ጭሱን ስለሚስበው እሳቱ ይፋፋማል። ዋጋው ውሃ ነው፤ በእኛ ስሌት በሰዓት 66 ሊትር። የዊንደርሚር ውሃ ለስላሳ ስለሆነ ይህ ያስኬዳል። የቴምዝ ወንዝ ውሃ ግን ኖራ ያለበት ነው፤ በየሰዓቱ ያን ያህል እየጨመሩ ማፍላት በቦይለሩ ውስጥ ቅርፊት ማስቀመጥ ነው።

ኮንደንሰር ከመረጡ ቀላሉ ከጀልባው ሆድ ውጭ፣ በመሃል ወገቡ በኩል የሚዘረጋ የመዳብ ቱቦ ነው። ሐይቁ ራሱ ያቀዘቅዘዋል፣ የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም። በጀልባው ውስጥ የሚቀመጠው ሣጥን መሰል ኮንደንሰር ተጨማሪ ፓምፕ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ድንጋይ አይነካውም። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ለሚጠጋ ጀልባ ሣጥኑ ይሻላል።

ኮንደንሰር አንድ አደገኛ እንግዳ ይዞ ይመጣል፤ ዘይት። ለሲሊንደሩ የሚሰጠው ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ተመልሶ ወደ ቦይለሩ ከገባ በብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ሙቀት ወደ ውሃው እንዳይሻገር ይከለክላል፣ ብረቱም ከልክ በላይ ይግላል። መከላከያው ከመመገቢያው ፓምፕ በፊት ውሃው በክፍልፋይ ጋን ውስጥ እንዲያልፍ ማድረግ ነው፤ በክፍሎቹ መካከል አሮጌ ፎጣ ይታጨቃል፣ ፎጣው በየጊዜው ይቀየራል። የፎጣውን ነገር ችላ ያለ ሰው ኮንደንሰር ባይኖረው ይሻለው ነበር።

በጣና ላይ ለመሥራት ለሚያስብ አንድ ማስታወሻ ልጨምር። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ውሃ እዚያ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ከኮንደንሰር የተመለሰ ትኩስ ውሃ በፓምፑ መሳቢያ ውስጥ ቶሎ እንፋሎት ስለሚሆን ፓምፑ ይደርቃል። ጋኑን ከፓምፑ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይህን ይከላከላል። አየሩም ስስ ነውና የእሳቱ ፍርግርግና የጭስ ማውጫው ሰፋ ቢሉ መልካም ነው።

ማገዶ

የድንጋይ ከሰል በጥቂት ቦታ ብዙ ሙቀት ይሰጣል፤ ይቆሽሻል፣ ሽታውም ጎረቤት ያስቀይማል። የደረቀ እንጨት የሙቀት መጠኑ በኪሎ ሲሰላ የከሰሉ ግማሽ ነው። ስለዚህ በ10 ኪሎ ከሰል ፋንታ በሰዓት 20 ኪሎ እንጨት፣ እሱም በአጫጭሩ ተፈልጦ፣ ሳይሰለቹ እየጨመሩ። ለሁለት ሰዓት ሽርሽር እንጨት ያስደስታል፤ ለሙሉ ቀን ግን ጀልባው የእንጨት መጋዘን ይሆናል። ላምባ ወይም ናፍጣ የሚረጭ ማንደጃ ንጹሕ ነው፣ እሳቱን በአንድ ቁልፍ ይቆጣጠሩታል፣ ከውሃ ቱቦ ቦይለር ጋርም ይስማማል። ድምፁ ግን ያንባርቃል፤ የእንፋሎት ጀልባ ከሚወደድባቸው ነገሮች ዋናው ጸጥታው ነውና እኔ አልመርጠውም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የእንፋሎት ጀልባ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ እንዲይዝ ሕግ ስላስገደደ፣ ብዙ ባለጀልባዎች በውሃ ፋንታ ናፍታ (ከናፍጣ የተለየ፣ ቤንዚን መሰል ፈሳሽ) የሚያፈሉ ሞተሮችን ገዝተው ነበር። ተቀጣጣይ ፈሳሽ በቦይለር ማፍላት ዛሬ ማንም ሊደግመው የማይገባ ነገር ነው።

መግጠሚያዎች

በገንዘብ የማይደራደሩባቸውን ላስቀድም። ቦይለሩን ውሃ የሚመግቡ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ይኑሩ። ሞተሩ የሚነዳው ፓምፕ ሞተሩ ሲቆም ይቆማል፤ ስለዚህ የእጅ ፓምፕ ወይም ኢንጀክተር ይጨመርበት። ፈረንሳዊው ሄንሪ ዢፋር በ1858 የፈለሰፈው ኢንጀክተር በራሱ በእንፋሎቱ ኃይል ውሃ ወደ ቦይለሩ ይገፋል፣ የሚንቀሳቀስ ዘንግ የለውም፤ የሚሰጠው ውሃ ትኩስ ከሆነ ግን እምቢ ይላል። ለትንሽ ጀልባ የእጅ ፓምፕ ይበቃል፣ ምንም አይኮራም። የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ እሳቱ ሙሉ በሙሉ ሲነድ የሚመረተውን እንፋሎት በሙሉ መልቀቅ የሚችል ይሁን። የውሃ መጠን ማሳያው መስታወት ከላይም ከታችም መዝጊያ ይኑረው፣ ነጂው ከተቀመጠበት ሳይነሣ ይታየው።

ፉጨቱን እንደ ጆሮዎ ይምረጡ። የዊንደርሚር ሰዎች የሚወዱትን ማንቆርቆሪያ ግን አይዝለሉት፤ በመዳብ ጋን ውስጥ በተጠማዘዘ ቱቦ የቦይለሩ እንፋሎት ሲያልፍ ውሃው በሰከንዶች ውስጥ ይፈላል። ሻይ ለስድስት ሰው።

ያገለገለ ጀልባ መግዛት

ሠርቶ ለመጨረስ ዓመታት ይፈጃልና ያገለገለ መግዛት ለብዙ ሰው ትክክለኛው መንገድ ነው። መጀመሪያ የቦይለሩን ወረቀት ይጠይቁ፤ ማን ሠራው፣ መቼ ተመረመረ፣ በስንት ባር ተፈተነ። የተለመደው ፈተና ቦይለሩን በቀዝቃዛ ውሃ ጢም አድርጎ ሞልቶ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ መጫን ነው። ውሃ ስለማይታመቅ ቢቀደድ እንኳን ጠብ ይላል እንጂ አይፈነዳም። ያለዚህ ወረቀት የሚሸጥ ቦይለርን ዋጋ ዜሮ አድርገው ያስሉት። በብሪታንያም ሆነ በሌላ አውሮፓ አገር ለምትኖሩ፣ ኢንሹራንስ ለመግባትም የሚጠየቀው ይኸው ወረቀት ነው።

የቦይለሩን ሽፋን ሳያስመረምሩ አይንኩ። በድሮ ጀልባዎች ላይ ሽፋኑ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፤ ብናኙ ሳንባ ይገድላል፣ ማንሣቱም የፈቃድ ባለሙያ ሥራ ነው። ከዚያ የአመድ ሳህኑ ሥር ያለውን ሳንቃ በቢላ ጫፍ ይሞክሩ፤ ከሰል የመሰለ ወይም የላሸቀ ከሆነ የአካሉ ጥገና ከሞተሩ ዋጋ ይበልጣል።

በመጨረሻ ሻጩ እርስዎ ባሉበት ቀዝቃዛ ቦይለር ይዞ እሳት እንዲያነድ ይጠይቁት። እንፋሎት እስኪነሣ የወሰደውን ጊዜ ይያዙ፣ ሁለቱም የውሃ መመገቢያዎች ተራ በተራ እንዲሠሩ ያድርጉ፣ የግፊት ማስተንፈሻው በተጻፈበት ባር መከፈቱን በዓይንዎ ይዩ፣ ከዚያ ጀልባውን በሙሉ ኃይል አንድ ሰዓት አስነድተው ግፊቱ ሳይወርድ መቆየቱን ይመልከቱ። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ ጀልባ ይፈልጉ።